ደመወዝ ያልተቆረጠላቸው የጓሳ ጠባቂዎች

የወሎን አውራ ጎዳና ይዞ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። ወይ ጣሊያን ፈልፍሎት በሄደው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ወይ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል መሃል ሜዳን ያልማል። አብዛኛው መንገደኛ ቁልቁለቱን ይመርጣል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ገበያውም፣ ሙቀቱም ያሉት በዚያ በኩል ነውና። ግራውን የያዘ ግን መንዝ ይገባል። የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ከነፋስ ጋር የሚታገል የበግ መንጋ፣ ባና የተከናነበ እረኛ፤ ከዚያም ሌላ ካብ፣ ሌላ ማሳ። ዛፍ ብርቅ ነው። ለእርሻ የተመቸ መሬት እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ተቆፍሮ ስላለቀ፣ እንግዳ ሰው «እዚህ አገር ያልታረሰ መሬት የለም ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መሃል ሜዳን አልፎ ወደ ምሥራቁ አፋፍ ሲጠጉ ግን ማሳው በድንገት ያበቃል። ካቡም ያበቃል። ዓይን እስከሚያደርስ ድረስ ጉብታ ጉብታ እየሠራ የበቀለ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ የሚንቀሳቀስ ረጅም ሣር ይታያል። ሣሩ ጓሳ ይባላል፤ ሥፍራውም ስሙን ከሣሩ ወስዶ ጓሳ ተብሏል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር ነው። አስታና ጅባራ አለበት። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል። በአንድ ወገን የሚፈልቀው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን የሚፈልቀው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶዎች እየሆነ ሣሩን ሲነጭ ይውላል። በዓለም ላይ አምስት መቶ ያህል ብቻ ቀርቷል የሚባለው ቀይ ቀበሮም ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ይኸው ጓሳ ነው። ሁለቱ አውሬዎች እዚህ የሚያሳዩት ጉርብትና ለወሬም የሚጥም ስለሆነ ልጥቀሰው። ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ ግልገላቸውን አይነካም፤ እነርሱም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ካደነ ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ። አይጦቹ በመንጋው እንቅስቃሴ ተደናግረው ይሆናል፤ ወይም ቀበሮውን መንጋው ጋርዶት። ያም ሆነ ይህ፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች ለመግባባት አስታራቂ ሽማግሌ አላስፈለጋቸውም።

ለመሆኑ ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ ይህ ሣር እንዴት ሳይታረስ ቀረ? ብርዱ አላሳርስ ብሎ ነው እንዳይባል፣ ገበሬው ገብሱን እስከ ጓሳ ጠርዝ ድረስ ገፍቶታል። መንግሥት ከልሎት ነው እንዳይባል፣ አዋሽና ሰሜን ብሔራዊ ፓርክ ተብለው በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጁ ጓሳን በፓርክነት ያስታወሰው አልነበረም። መልሱ ሌላ ነው። ጓሳን ያቆየው የመንዝ ገበሬ ነው። ያቆየውም ዘበኛ ቀጥሮ ሳይሆን ራሱ በተራ እየወጣ፣ በውርጭ እያደረ ነው። በአዲስ አበባ ስለ «በጎ ፈቃድ አገልግሎት» ብዙ በሚነገርበት ዘመን የዚህን ሰው ታሪክ አለማንሳት ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

የመንዝ ሰው ነገሩን የሚጀምረው ከአባቶች ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት ቀደምት አባቶች ነበሩ ይላል፤ ጓሳን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይላል። የአንዱ ድርሻ የአስቦ፣ የሌላው የጌራ ተባለ፤ ዘራቸውም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ጊዜው በአፈ ታሪክ ሲቆጠር አሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ይወድቃል። የሸዋ ነገሥታት አባት የሚባሉት አቤቶ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ የተነሡትም በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ነው። ፈረሱ የት ድረስ እንደ ጋለበ መከራከር የታሪክ ሰው ሥራ ይሁንና፣ ለእኛ ቁም ነገሩ ከግልቢያው በኋላ የመጣው ደንብ ነው። ደንቡ ቄሮ ይባላል። (ዛሬ ቃሉን ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ሌላ ቄሮ የሚሄድ አንባቢ ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ። የመንዙ ቄሮ ከዚያኛው ጋር የድምፅ እንጂ የነገር ዝምድና የለውም።)

ቄሮ እንዲህ ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ ዘሩን ቆጥሮ አጽመ ርስት ያለው ሰው ሁሉ በጓሳ ላይ መብት አለው። ባለመብቶቹ በየደብራቸው ይደራጃሉ። ከዚያም አስቦዎች አንድ፣ ጌራዎች አንድ አባ ቄራ ይመርጣሉ። አባ ቄራ ሹመቱ ከቤተ መንግሥት አይመጣለትም፤ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ የመረጡት ሰው ነው። ሥራው ጓሳን መዝጋትና መክፈት ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም ሰው አንዲት እስር ሣር እንዳያጭድ፣ አንዲት ላም እንዳያስገባ፣ አንዲት ጭራሮ እንዳይለቅም አድርጎ መዝጋት ማለት ነው። በዚያ መካከል ድርቅ ሊገባ ይችላል፤ በልግ ሊቀር ይችላል፤ የራሱ የአባ ቄራው ከብት መኖ ሊያጣ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ዝግ ነው።

ሣሩ ደረሰ ሲባል አባ ቄራ የመክፈቻውን ቀን ይቆርጣል። ወሬው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ላይ ይነገራል። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በጋው በከረረበት በየካቲትና በመጋቢት ወራት፣ በየቤቱ ያለው ገለባ በተሟጠጠበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ማገዶ የሚለቅመውም ይለቅማል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሰውም ከብትም ለቅቆ ይወጣል። የመውጫው ቀን በቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ የታሰረ ነበር። ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ዕለት ነው። ይህ ብልሃት ነው እላለሁ። ማስታወቂያ የማያነብ፣ ካላንደር የሌለው ገበሬ ጾሙ መቼ እንደሚፈታ ግን አይዘነጋም፤ «አልሰማሁም» የሚል ምክንያት ገና ሳይወለድ ሞተ ማለት ነው።

በተዘጋው ዘመን ጥበቃው የተራ ነበር። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራው ሲደርስ ስንቁን ቋጥሮ፣ ባናውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ተራውን የዘለለ ይቀጣል። በዝግ ወራት ሣር ሲሰርቅ የተገኘም ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። በስርቆት ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበት ነበር ይባላል። ጭካኔ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልደነቅም፤ ለእኔም ይመስለኛል። ዳሩ ግን ጓሳ ለመንዝ ሰው ምን እንደ ነበረ እናስታውስ። የቤቱ ክዳን ነው። ገመዱ ነው። እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ጌሳ ነው። ለጎተራና ለግድግዳ ከጭቃ ጋር የሚቦካ ነው። መኝታው ነው። ዛፍ በሌለበት አገር ሣር እንጨትንም ተክቶ ይሠራል። ጓሳ የሌለው የመንዝ አባወራ ክረምቱን የሚያሳልፈው በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ልቆም እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጻፍ ብዕር ወደ ማሞገስ ይሮጣል። ቄሮ ዛሬ በምንለው ትርጉም የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር ወይ? አልነበረም። ግዴታ ነበር። ደመወዝ አልነበረውም፤ እምቢ የማለት መብትም አልነበረውም። ከዚህ የሚብስ ነገርም አለው። ዘሩን ከአስቦና ከጌራ መቁጠር ያልቻለ ሰው፣ ርስት የሌለው ጭሰኛ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረ ባለ እጅ፣ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። አጠገቡ እየኖረ፣ ያንኑ ውርጭ እየተካፈለ፣ ጓሳን ከአጥር ውጭ ሆኖ ያያት ነበር። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተባለው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የመንዝን ሰው ለርስቱ ያለውን ቀናኢነት በሰፊው ገልጾታል። ቄሮን ለሦስት መቶ ዓመታት ያቆመው ያው ቀናኢነት ነው። ደጉንም ክፉውንም አብሮ ያቆማል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ርስት ቀረ። ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም ቀረ፤ አባ ቄራ ሥልጣኑን ያገኘበት መሠረት ተናደ። ለዘመናት ከአጥር ውጭ ለቆመው ሰው ይህ ትልቅ ቀን ነበር፤ ይህንን መካድ አይገባም። ጓሳ የርሱም ሆነች። ይሁንና የሁሉም በሆነች ማግስት የማንም አልሆነችም። ገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ግን የትኛው ማኅበር የትኛውን ሣር ይጠብቃል? ጥበቃው ላላ፤ ሣሩ ሳይደርስ መታጨድ፣ ከብቱም ያለ ወቅቱ መግባት ጀመረ። ከጠርዝ በኩል ማረሻ ገባ። ሦስት መቶ ዓመት የቆየውን ነገር ለመናድ ጥቂት ዓመታት ይበቃሉ።

የታሪኩ ልብ ያለው ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ውስጥ ይመስለኛል። ገበሬዎቹ ሣሩ እያለቀ መሆኑን አዩ። አሁን አባ ቄራ የለም፤ ቤት የሚያቃጥል ቅጣት የለም፤ የአባት ርስት የለም። የሚያስገድዳቸው አልነበረም ማለት ነው። እንደገና ተሰበሰቡ። በጓሳ ዙሪያ ያሉት ገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን፣ ሽማግሌዎቻቸውንና ካህናቶቻቸውን ልከው ኮሚቴ አቋቋሙ። አሮጌውን የመዝጋትና የመክፈት ልማድ ከአዲሱ የቀበሌ አስተዳደር ጋር አጋቡት። ዘር መቁጠር ቀርቶ ነዋሪነት ብቻ በቂ ሆነ። ጥበቃው በየቀበሌው ተደለደለ። እንግዲህ ቀድሞ በርስት ምክንያት የወጣው የአስቦ ልጅና ርስት ያልነበረው ጎረቤቱ አንድ ላይ ተራ ገቡ። በጎ ፈቃደኛ የሚለው ቃል በትክክል የሚገባቸው ለእነዚህ ነው፤ ማንም ሳያዛቸው አባቶቻቸው በግዴታ የሠሩትን በውዴታ የሠሩ ሰዎች ናቸው። አዲሱ ደንብ እንደ አሮጌው የጠነከረ አልነበረም፤ ሣሩም በፊት እንደ ነበረው ሁሉ አልሆነም። ነገር ግን ጓሳ አልታረሰችም።

የውጭው ዓለም ምሁራን በዚያው ዘመን ስለዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ነበር። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ «የጋራ መሬት መጨረሻው ጥፋት ነው» ብሎ ደመደመ። እያንዳንዱ እረኛ አንዲት ላም ቢጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ይጨምራል፤ ግጦሹም ይጠፋል። ስለዚህ ወይ ለግለሰብ ይሰጥ፣ ወይ መንግሥት ይውሰደው። ይህ አስተሳሰብ በአያሌ አገሮች ፖሊሲ ሆኖ ሠርቷል። በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሠፍሩ የተደረገው፣ ምንም እንኳ ሌላም ምክንያት ቢኖረው፣ «ሰው ካለ ተፈጥሮ ይጠፋል» ከሚለው ከዚሁ እምነት የራቀ አይደለም።

ሌላዋ አሜሪካዊት ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ወንበር ላይ ሆኖ ከመፍረድ ይልቅ ሄዶ ማየት ይሻላል አለች። በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለችውን ቶርበል የተባለች መንደር አነሣች። የዚያች መንደር ሰዎች በ1517 በጻፉት ደንብ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳይልክ ከልክለዋል፤ ግጦሹም እስከ ዘመናችን አልጠፋም። የጃፓን መንደሮችን፣ የስፔን ቫሌንሲያን የመስኖ ውኃ ዳኞች አነሣች። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ለዘመናት ጠብቆ ሊያቆይ እንደሚችል አስረዳች፤ በ2009 የኖቤልን ሽልማት በኢኮኖሚ ሳይንስ ስትሸለም ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሃርዲንም ቢሆን ቆይቶ፣ በ1994፣ የጻፈው ስለ «ጠባቂ የሌለው የጋራ ሀብት» መሆኑን አምኗል። አንዲት ቃል ብትጨመር ስንት መሬት በዳነ ነበር!

ኦስትሮም መንዝን አንሥታ አልጻፈችም። ነገር ግን የጋራ ሀብት የሚቆይበትን ሁኔታ ስትዘረዝር አባ ቄራ ቢሰማት ራሱን በነቀነቀ ነበር። ድንበሩ የታወቀ ይሁን፤ ተጠቃሚው ራሱ ይጠብቅ፤ ጥፋተኛ እንደ ጥፋቱ ይቀጣ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰባተኛው ነጥቧ ትኩረቴን ስቦታል። ሰዎቹ በራሳቸው ተደራጅተው ደንብ የማውጣት መብታቸውን ከላይ ያለው መንግሥት ይወቅላቸው፤ ቢያንስ አይንጠቃቸው ትላለች። ስለ ምስጋና አልተናገረችም። ስለ ዕውቅና ነው የተናገረችው፤ ሁለቱን ደግሞ እኛ ዘወትር እናምታታቸዋለን።

ማምታታቱን ለማየት መንዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ሠፈር ወጣቶች ተሰባስበው ቆሻሻ የሚጣልበትን ገደላማ ቦታ አጸዱ። ጎማ ቆርጠው አጥር ሠሩ፤ ጽድና አበባ ተከሉ፤ አረጋውያን የሚያርፉባት አግዳሚ ወንበር አቆሙ። ሁለት ክረምት ውኃ አጠጧት። በአንድ በዓል ላይ ተጠርተው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ተጨበጨበላቸው፤ ፎቶግራፍ ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ቦታዋ ለሌላ ሥራ ትፈለጋለች ተባለና ታጠረች። ወጣቶቹን ጠርቶ ያማከረ አልነበረም። የምስክር ወረቀቱ አሁንም በአንዱ ልጅ እናት ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። እነዚያ ልጆች ምስጋና አግኝተዋል፤ ዕውቅና ግን አላገኙም። የተከሉትን ነገር «አይነካም» ብለው ለመዝጋት የሚያስችል አንዲት ነጥብ ሥልጣን አልነበራቸውም። አባ ቄራ ደግሞ ሜዳልያ አልነበረውም፤ መዝጊያው ግን በእጁ ነበር።

ወደ ጓሳ እንመለስ። የገበሬዎቹ ኮሚቴ ለረጅም ዓመታት የሠራው በሕግ ፊት ስም ሳይኖረው ነው። ወረዳው ያውቀዋል፤ ግን ነገ «ይህ ሜዳ ለእርሻ ይከፋፈል» የሚል ባለሥልጣን ቢመጣ ኮሚቴው የሚያሳየው ወረቀት አልነበረም። በዚህ መካከል ጉዳዩን በጥናት ያወጡት ኢትዮጵያዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ዶክተር ዘላለም ተፈራ ናቸው። ቀይ ቀበሮን ለማጥናት ጓሳ የወጡት ሰው ከቀበሮው ይልቅ ቀበሮውን ያቆየው ደንብ እንደሚያስገርም ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚሁ ላይ አቀረቡ፤ በ2005ም ከናይጄል ሊደር ዊልያምስ ጋር ስለ ቄሮ ያሳተሙት ጥናት የጋራ ሀብት ጉዳይ በሚጠናበት ሁሉ የሚጠቀስ ሆነ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የጓሳን ጭላዳዎች የሚያጠና ቡድን በሥፍራው ሠፍሮ ለዓመታት መዝግቧል።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን «የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ» ብሎ በደንብ አቋቋመ። «የማኅበረሰብ» የምትለዋ ቃል የገባችው በዋዛ አይደለም። ብሔራዊ ፓርክ ቢባል ኖሮ ባለቤቱ መንግሥት፣ ገበሬው ሰርጎ ገብ በሆነ ነበር። አሁን ግን ኮሚቴው፣ የሣሩን መዝጊያና መክፈቻ የሚወስነው አካል፣ ሕግ አወቀው። ቋሚ ጠባቂዎች ተቀጠሩ፤ ጎብኚ የሚያርፍበት፣ ገቢው ለማኅበረሰቡ የሚውል ማረፊያ ተሠራ። የመንዝ ገበሬ በ1967 ያጣውን ሥልጣን ከ37 ዓመታት በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አገኘው ማለት ነው። ሌላ መልክ የምለው በምክንያት ነው፤ ቀድሞ ከአጥር ውጭ የነበረው ሰው በዚህኛው ውስጥ አለበት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሚከነክነኝን ልናገር። የአስቦን ስም እናውቃለን፤ የጌራን ስም እናውቃለን። ፈረስ ጋላቢዎቹ ተረት ሆነው ቀርተዋል። ከእነርሱ በኋላ በየዘመኑ ተመርጠው ጓሳን ሲዘጉና ሲከፍቱ የኖሩት አባ ቄራዎች ግን በጽሑፍ ስማቸው እምብዛም አይገኝም። አድልተሃል ተብለው የተሰደቡ፣ የገዛ ዘመዳቸውን ከብት ከሣሩ ያስወጡ፣ በድርቅ ዓመት «ክፈትልን» እያሉ የሚለምኑ ጎረቤቶቻቸውን ፊት ማየት ግድ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ በታች ያለው በውርጭ ያደረው ተራ ጠባቂ ደግሞ ስሙን ልጆቹ እንኳ ከዚህ ጋር አያይዘው አያነሡት ይሆናል። የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ አለን፤ ደግ ነው። እርከን ይታያል፤ ድንጋይ ስለሆነ ፎቶ ይነሣል። የጓሳ ጠባቂ ሥራ ግን የሚታወቀው ባልሆነው ነገር ነው፦ ባልታረሰው፣ ባልታጨደው፣ ባልተጋጠው። ያልሆነ ነገር ሐውልት አይሠራለትም።

አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ «በአንተ ዘመን አባ ቄራው ማን ነበር? ከርሱስ በፊት?» ብሎ የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ከ1967 በፊት በጎልማሳነቱ ተራ የወጣ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከሰባ ያልፋል። ይህ ዲግሪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ ያለ የታሪክ መምህር ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሊሰጠው የሚችል ነገር ነው።

ጊዜው ግን ለጓሳ አልተመቸም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋን አዳረሰ። ሰው ነፍሱን ለማዳን በሚሸሽበት ሰዓት ስለ ሣር የሚያስብ የለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ጎብኚም ቀረ፤ ማረፊያውን ያቆመው ገቢም አብሮ ነጠፈ። የውጭ ገንዘብ ሲደርቅ የሚቀረው ያው የጥንቱ ነገር ነው፤ ጎረቤት፣ ተራና ዱላ።

ከጦርነቱ ይልቅ በዝግታ የሚመጣ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም ቆርቆሮ ነው። በመንዝም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ አባወራ የሣር ጣሪያውን አውርዶ ቆርቆሮ ያለብሳል። ማንም አይፈርድበትም። ክረምት በገባ ቁጥር ክዳን ማደስ የሰለቸው ሰው ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ከእሳትም ይሻላል። ነገር ግን ለሦስት መቶ ዓመታት ገበሬውን ተራው ሲደርስ ወደ ጓሳ ያወጣው ዋናው ምክንያት ክዳኑ ነበር። ክዳኑ ከመርካቶ መምጣት ሲጀምር ተራ ጠባቂው ለምን ይወጣል? ለቀይ ቀበሮ ብሎ ነው? ለቀበሮው የሚጨነቀው ፈረንጁና የከተማው ሰው ነው፤ ገበሬው ቀበሮውን የሚያውቀው በበግ ሌብነቱ ነው። ለውኃው ነው? ውኃው የሚወርደው ለቆላው ነው።

ዶክተር ዘላለም ጥናታቸውን ባደረጉበት ዘመን ጓሳ ለገበሬው ገና የኑሮው ምሰሶ ነበር። በዚህ ጥያቄ ላይ የመንዝ ሰዎች በኮሚቴያቸው ስብሰባ ምን እንደሚሉ መስማት እወዳለሁ፤ እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጬ መልስ ልሰጣቸው ግን አልሞክርም። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነው አባወራ ገመዱን አሁንም ከጓሳ ይገምዳል። በድርቅ ዓመት ደግሞ፣ ገለባው አልቆ ከብቱ መቆም ሲያቅተው፣ ቆርቆሮውን አያበላውም። ያኔ ዓይኑን ወደ አፋፉ ያነሣና ሣሩ ደርሶ እንደሆነ ያያል፤ ከዚያም «መቼ ነው የሚከፈተው?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል።